ላሊበላ ከሄዳችሁ አይቀር አሸተንም ውጡ

ላሊበላ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ ይመለሳል። እኔ አንድ ቀን ጨምሩ ባይ ነኝ፤ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ላለችው ገዳም፣ ለአሸተን ማርያም።

ፀሐይ ሳትበረታ ተነሱ። ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሸተን ደግሞ ከ3,000 በላይ። ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቀስ በሉ፣ ማንም አያባርራችሁም። በቅሎ መከራየት ይቻላል፤ ዋጋውን ግን ሳትወጡ ቁረጡ። ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ገደል ማየት ለእኔ አልተፈጠረም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ መንገዱ ጠቦ በተሰነጠቀ አለት መሀል ያሳልፋችኋል። እዚያ ጋ ቦርሳ ወደ ፊት ይዞራል።

ጫማ የማያንሸራትት፣ ግን ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ በየደጁ ማውለቅ አለ። ወፍራም ካልሲ አትርሱ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ቁንጫ አይጠፋም! መስቀሉን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ቄሱን አስፈቅዱ፣ ፍላሽም አጥፉ።

ከላሊበላ አልፋችሁ እዚያው ወሎ ያለችውን ግሸን ማርያምን በንግሥ ከፈለጋችሁ መስከረም 21 ነው። ሕዝቡ አያድርስ ነው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢ ያዙ። ረጋ ብሎ መሳለም የሚወድ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደርሶ መልስ ይሆናል። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ባለቤታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ይህን ደሴ ላይ ሆናችሁ ንገሯት፣ በሩ ላይ ሳይሆን።