ሦስቱን ጽሪየቪቾች እንዴት እንለያቸው?

ሥራዬ የድሮ መጻሕፍትን መመዝገብ ነው። እንደ ጽሪየቪች የሚያምታታ የቤተሰብ ስም ብዙ አላጋጠመኝም። የዱብሮቭኒክ መኳንንት ስም ነው። ከተማዋ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ናት፤ ያኔ ግን ራጉዛ የምትባል ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች። ከዚህ ቤት ገጣሚው ኢሊያ፣ ታሪክ ጸሐፊው ሉዶቪክና የደራስያንን ሕይወት የጻፈው ሴራፊን ወጥተዋል፤ የአንዱ ሥራ ለሌላው ሲሰጥ ደግሞ ደጋግሜ አያለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የስሙን መልኮች በሙሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። በክሮኤሺያኛ ጽሪየቪች፣ በጣሊያንኛ ቼርቫ፣ በላቲን ቼርቪኑስ ወይም ቼርቫሪዩስ ነው። በአንዱ ብቻ ከፈለጋችሁ ብዙ ነገር ያመልጣችኋል።

ከዚያ የግል ስሙን ያዙ። ኢሊያ ከሆነ ገጣሚው ነው፤ 1463 ተወልዶ 1520 ሞተ። በላቲን ኤሊዩስ ላምፕሪዲዩስ ቼርቪኑስ ይባላል። ገና በ1484 ሮም ውስጥ ለግጥሙ የሎረል አክሊል (ለታላቅ ገጣሚ የሚሰጥ የቅጠል አክሊል) ተደፍቶለታል። ፍላቪያ ለምትባል ሴት የጻፋቸው የፍቅር ግጥሞች አሉት። ሚስቱ ስትሞት ደግሞ ቄስ ሆነ፤ እንግዲህ ምን ይባላል! ለመለየት የሚረዳ አንድ ምልክት ልስጣችሁ። ኢሊያ ላቲን ወዳድ ነበር፣ የአገሩን የስላቭ ቋንቋ ግን ይንቅ ነበር። ስለዚህ በስላቭ ቋንቋ የተጻፈ ግጥም በስሙ ተመዝግቦ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ሉዶቪክ ይከብዳል። ቱቤሮን የሚል ቅጽል ስለያዘ ካታሎግ ውስጥ ‹ቱቤሮ› በሚለውም ፈልጉት። ፓሪስ ተምሮ ቤኔዲክቲን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ገዳም አበምኔት የሆነ ሰው ነው፤ በ1527 ሞተ። ስለ ዘመኑ የጻፈው ታሪክ የሀንጋሪው ንጉሥ ማቲያስ ከሞተበት ከ1490 ጀምሮ እስከ 1522 ይዘልቃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ መጽሐፉ ፍራንክፈርት ውስጥ የታተመው በ1603 ነው። ሽፋኑን ብቻ አይቶ ጸሐፊውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ማድረግ ቀላል ነው። ለእኔ ከሦስቱ መጽሐፉን ከእጄ የማያስቀምጠኝ እሱ ነው። አበምኔት ሆኖ የሮም ጳጳሳትን እንኳ ከመተቸት አይመለስም! በ1734 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን ከታገዱት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ማስገባቷ አይገርመኝም።

ሴራፊን (1686–1759) ዶሚኒካን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኩሴ ነው። ‹ቢብሊዮቴካ ራጉዚና› የተባለው ሥራው የዱብሮቭኒክ ደራስያንን ሕይወት በላቲን ይተርካል። ለረጅም ጊዜ በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ ከ1975 ጀምሮ ነው የታተመው። ስለ ሁለቱ ቀደምቶቹ መረጃ ስትፈልጉ ጥሩ መነሻ ነው። ግን የገዛ ከተማውን ሰዎች፣ ያውም የስሙን ተጋሪዎች እያነሳ ስለሆነ ምስጋናውን ቀነስ አድርጋችሁ ውሰዱት።

አሁንም ካልለየላችሁ የዱብሮቭኒክ ቤተ መዛግብት አለ፤ ስፖንዛ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የድሮዎቹ ሰነዶች በአብዛኛው በላቲንና በጣሊያንኛ ስለሆኑ እዚያ ‹ቼርቫ› ብላችሁ ጀምሩ። መኳንንቱ የአያትን ስም ለልጅ ልጅ መስጠት ይወዱ ነበር። ስለዚህ ስትጠይቁ የግል ስሙን ብቻ ሳይሆን የአባቱን ስምና ግምታዊ ዓመቱንም ጨምሩ።