«ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ሲባል «ጥሩ» ለሚል ልጅ፦ የአፀደ ሕፃናት ልጆችን ሐሳብ የማድመጫ መንገዶች

«ዛሬ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» «ጥሩ።» «ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» «ምንም።»

የ4 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲመልስ እየደበቀ አይደለም። ጥያቄው ሙሉ ቀኑን ጠቅልሎ፣ መዝኖ እንዲያቀርብ ይጠብቅበታል፤ ይህ ደግሞ ለእሱ ከባድ ሥራ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድን የተለየ ቀን ከማስታወስ ይልቅ ዘወትር የሚደረገውን መናገር ይቀላቸዋል፤ «መጀመሪያ እንጫወታለን፣ ከዚያ እንታጠባለን፣ ከዚያ እንተኛለን»። «ትናንት» ሲሉ ያለፈውን ወር ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከመጠየቅ ውሎውን በእግሩ እየዞረ እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል።

አስቀድማችሁ አንድ ነገር ወስኑ፤ ልጆቹ የሚሉትን ሰምታችሁ ምን መለወጥ ትችላላችሁ? የእንቅልፍ ሰዓቱን? የመጫወቻዎቹን አቀማመጥ? የጠዋት አቀባበሉን? ምንም የማይነካ ከሆነ ባትጠይቁ ይሻላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽና ሐሳባቸው ክብደት እንዲሰጠው የማድረግ መብት እንዳላቸው ሲደነግግ ዝቅተኛ የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው 7ኛ አጠቃላይ አስተያየት፣ ሕፃናት አፍ ከመፍታታቸው አስቀድሞም ስሜታቸውንና ፍላጎታቸውን በብዙ መንገድ እንደሚገልጹ አስፍሯል።

የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ግን አይበቃም። ልጁም መፍቀድ አለበት፤ አንዴ «እሺ» ማለቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ፈቅዷል ማለት አይደለም። ትንሽ ልጅ «አልፈልግም» የሚልበት የራሱ መንገድ አለው። ፊቱን ያዞራል፣ ድንገት ሽንቱ ይመጣል፣ ለሁሉም ነገር «እ» እያለ ይመልሳል። ይህን ስታዩ አቁሙና ወደ ጨዋታው ልቀቁት።

ልጁ ይምራ፣ እናንተ ተከተሉ

ከሁሉም መንገድ ጉብኝቱ ይበልጣል። 2 ልጆችን አንድ ላይ ውሰዱ። አንዱ ብቻውን ከትልቅ ሰው ጋር ሲሆን ይሸማቀቃል፤ 4 ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ያወራል፣ የቀሩት ይደግሙለታል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ለልጆቹ እንግዳ ከሆናችሁ «ቦታውን አላውቀውም፣ እስኪ አሳዩኝ» በሉ። መምህራቸው ከሆናችሁ ግን ይህን አትሞክሩ፤ እንደምታውቁት ያውቃሉ፣ ጥያቄውም ፈተና ይመስላቸዋል። ለእናንተ የሚሆነው «አዲስ ልጅ ቢመጣ ምን ምን ማወቅ አለበት?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ልጆች የትኛውም መመሪያ ላይ ያልተጻፈ ሕግ ይነግሯችኋል፤ የትኛው ብስክሌት እንደማይዞር፣ የትኛው ሽንት ቤት በሩ እንደማይዘጋ፣ ማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት።

በጉብኝቱ ላይ ካሜራ ስጧቸው። ሲም ካርዱ የወጣ አሮጌ ስልክ በገመድ አንገታቸው ላይ ቢንጠለጠል በቂ ነው። ሽንት ቤት ውስጥ የሰው ፎቶ እንደማይነሣ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለእያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 12 ፎቶ ፍቀዱ። የተበላሸ የሚመስለውን ፎቶ አታጥፉ። የጠረጴዛ ሆድ ብቻ የሚታይበት ጨለማ ፎቶ በስሕተት የተነሣ ይመስላል፤ ልጅቷን ስትጠይቋት ግን «ጫጫታ ሲበዛ የምገባበት ነው» ልትል ትችላለች። ፎቶዎቹን አሳትማችሁ መሬት ላይ ዘርጉና 4 እንድትመርጥ፣ በሰፊ ወረቀት ላይ እንድትለጥፍና የጎደለውን እንድትሥል አድርጉ። የተናገረችውን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን እየሣለች ሳለ ጻፉ። ሥዕሉን ደግሞ እንደ ሕልም አትፍቱት፤ ሰማዩን በጥቁር የቀባችው ጥቁሩ ከለር ቅርብ ስለነበረ ሊሆን ይችላል።

ምላሱን የሚይዙ ጥያቄዎች

ልጆች «ትወደዋለህ?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ «አዎ» ይላሉ፣ በተለይ የ2 እና የ3 ዓመቶቹ። «ለምን?» ደግሞ ቁጣ ይመስላል፤ ሲያጠፉ የሚሰሙት ቃል ነውና። በሁለቱ ፈንታ «እዚህ ጋ ምን ይደረጋል?»፣ «ማን ማን ይመጣል?»፣ «ከዚያስ?» በሉና በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። አብዛኛው ትልቅ ሰው ሦስት ሳይሞላ ክፍተቱን በራሱ ወሬ ይሞላዋል።

አንዴ የተመለሰን ጥያቄ አትድገሙ። ልጁ የመጀመሪያው መልሱ ስሕተት ስለመሰለው ይቀይረዋል፤ እናንተም ሁለት የተለያዩ መልሶች ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የሚስቅና የሚያለቅስ ፊት ያለባቸው ካርዶችም ያሳስታሉ፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚስቀውን የሚያነሡት ስለሚያምራቸው ነው። መጠቀማችሁ ካልቀረ መጀመሪያ መልሱን በምታውቁት ነገር ሞክሩ፤ «ወድቀህ ጉልበትህ ሲላጥስ?» ተብሎም የሚስቀውን ካነሣ ካርዱን አስቀምጡት። ለዓይን አፋር ልጅ «ምንም የማያውቅ» የእጅ አሻንጉሊት ይረዳል፤ ልጁ ለእናንተ ሳይሆን ለአሻንጉሊቱ ያስረዳል።

ገና ላልተናገረ ወይም ብዙ ለማይናገር ልጅ መንገዱ ዓይን ነው። ጠዋት ከወላጅ ሲለይ፣ ምግብ ላይና ውጪ ሲጫወት ለየብቻ 10 ደቂቃ ተከታተሉት። የምታዩትን ብቻ ጻፉ። «ናፈቀው» የእናንተ ትርጉም ነው፤ «3 ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ አየ» ግን ያያችሁት ነው። ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን በአንድ በኩል፣ የመሰላችሁን በሌላው በኩል ማስፈር ይህን ስሕተት ይቀንሳል።

የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ስለ ፊደልና ቁጥር አይደለም። ስለ ጓደኛ ነው፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ሳይተኙ ስለመጋደም፣ ተሰልፎ ስለመጠበቅ፣ ስለሚጮህ ሰው። «ጓደኛ የለኝም» ካለ አትደንግጡ፣ አታስተባብሉትም («አለህ እንጂ!»)። የዛሬ ጠብ ወይም የሰነበተ ብቸኝነት ሊሆን ስለሚችል ለጥቂት ቀናት ጨዋታው ላይ እዩት። ልጁ እንደተመታ ወይም እንደተጎዳ የሚጠቁም ነገር ከተናገረ ግን ምርመራ አትጀምሩ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ያለውን በራሱ ቃል ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለሕፃናት ደኅንነት ኃላፊው አሳውቁ። ኃላፊው ራሱ የተጠቀሰ ከሆነ ከተቋሙ ውጪ ላለው የሚመለከተው አካል ይሂድ።

በሌላ ቀን የጻፋችሁትን ለልጆቹ አንብቡላቸውና «እንዲህ ነው ያላችሁት?» ብላችሁ አረጋግጡ። ሰኞ እንቅልፍ ሰዓትን የወደደ ሐሙስ ቢጠላው አልዋሸም፤ ሁለቱንም መዝግቡ።

ከዚያ በሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ትንሽ ነገር ለውጡ። ለ4 ዓመት ልጅ ወር ሩቅ ነው፤ ከዘገየ ለውጡን ከተናገረው ጋር አያገናኘውም። የሽንት ቤቱ በር መቆለፊያ ሲገጠም ልጆቹን ጠርታችሁ «አይዘጋም ስላላችሁን ነው» በሏቸው። የማይሆነውንም ከነምክንያቱ ንገሯቸው፤ «ውጪ ብቻችሁን መውጣት አትችሉም፣ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም»። ከዚያም ፎቶዎቹን የለጠፉበትን ሰፊ ወረቀት በእናንተ ሳይሆን በእነሱ ዓይን ቁመት ልክ ስቀሉት፣ ከሥሩም እርሳስ አንጠልጥሉ፤ የረሱትን ሲያስታውሱ ይጨምሩበታል።