ናይሮቢ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ቅዳሜና እሁድን ናይቫሻ እንዴት ያሳልፋል?

ናይሮቢ ውስጥ በእርዳታ ድርጅት የሚያገለግል ሰው መጀመሪያ የሚመኘው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ የሆነውን ማሳይ ማራን ነው። መሄጃው ብቻ አምስት ስድስት ሰዓት ስለሚፈጅ ለረጅም ፈቃድ ያቆዩት። ናይቫሻ ግን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማታቱ፣ ማለትም በሕዝብ ሚኒባስ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሐይቁም፣ በብስክሌት የሚዞሩበት የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክም እዚያው ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሐሙስ ወይም ዓርብ። የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ለአስተባባሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። ድርጅቱ የገባልዎ ኢንሹራንስ የሞተር ታክሲን፣ ማለትም ቦዳ ቦዳን፣ ይሸፍን እንደሆነም ይጠይቁ። የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ኢ-ሲቲዝን በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ስለሆነ በስልክ ገንዘብ መክፈያው ኤም-ፔሳዎ ላይ በቂ ገንዘብ ያስገቡ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የአባል አገር ዜጎች ዋጋ አይመለከተንም፤ የኬንያ ነዋሪነት መታወቂያ ካለዎት በነዋሪ ዋጋ ለመግባት ይያዙት።

2. ዕቃ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፣ ያውም ተመልሶ በሚሞላ ኮዳ። በኬንያ ፌስታል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በፓርኮች ውስጥ ደግሞ ከ2020 ወዲህ የሚጣሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችም አይፈቀዱም።

3. ቅዳሜ ጠዋት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ይድረሱ። ማታቱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ አርፍደው ከመጡ ቀኑ በመጠበቅ ያልቃል። ለረዳቱ ዝርዝር ገንዘብ ይዘጋጅ። ስለ ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስዋሂሊ ሲናገሩ ኬንያውያን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት «ሳ ምቢሊ» ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያው ሰዓት ስምንት ይሆናል። ቀጠሮ ሲይዙ «ጠዋት ነው ማታ?» ብለው ያረጋግጡ።

4. ብስክሌት። ከናይቫሻ ከተማ በደቡብ ሐይቅ መንገድ የሚሄድ ማታቱ ይዘው ወደ ፓርኩ መግቢያ፣ ወደ ኤልሳ በር፣ መታጠፊያ ላይ ይውረዱ፤ አከራዮቹ እዚያው ናቸው። ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ይጭመቁ፣ ጎማውን በአውራ ጣት ይጫኑ፣ ማርሹን እየቀያየሩ ሃምሳ ሜትር ይንዱት። መንገዱ አቧራና ጠጠር ስለሆነ የላላ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይጥላል። ብስክሌት የተፈቀደው ትልልቅ አዳኝ አራዊት እምብዛም ስለሌሉ ነው፤ ጎሽ ግን አለ። መንገድ ላይ ከቆመ ይቁሙ፣ እስኪያልፍ ይጠብቁ እንጂ ደወል አይደውሉ። ምግብዎን ከዝንጀሮ ይደብቁ።

5. ገደሉ። ከኤልሳ በር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው ኦል ንጆሮዋ ገደል ያለ አስጎብኚ አይውረዱ። ይህ ገንዘብ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ድንገተኛ ጎርፍ እዚያ ውስጥ ጎብኚዎችን ገድሏል። ገደሉ ጠባብ ነው፤ ዝናቡ ራቅ ብሎ ከላይ ዘንቦ፣ ሰማዩ ከራስዎ በላይ ጥርት ባለበት ጊዜ እንኳ ውሃው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከቀትር በፊት ይግቡ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የዝናብ ወቅት፣ ወይም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደመና ካዩ፣ ጨርሶ ይተውት። ከግድግዳው የሚንጠባጠበው ውሃ አንዳንድ ቦታ የሚያቃጥል ነው፣ በእጅ አይሞክሩት። ከ11 ሰዓት በፊት ከፓርኩ ይውጡ።

6. ሌሊቱ። ሐይቁ ዳር የሚያድሩ ከሆነ ከመሸ በኋላ ወደ ውሃው አይጠጉ፤ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ የሚወጣው ያኔ ነው። በእሱና በውሃው መካከል የገባ ሰው አደጋ ላይ ነው።

7. እሁድ። ጀልባ በጠዋቱ ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ፣ በሰው ነው ወይስ በጀልባ ብለው ይለዩ። ሕይወት አዳኝ ሰደርያ ካልሰጡዎት አይሳፈሩ።

ከሰባት ሰዓት በፊት ወደ ናይሮቢ ይነሱ። እሁድ ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ ስለሚመለስ ወደ ናይሮቢ የሚያስወጣው ዳገት ላይ መኪና ይሰለፋል፣ የማታቱ ዋጋም ይጨምራል። ካመለጠዎት በጨለማ ከመጓዝ እዚያው አድረው ሰኞ በ11 ሰዓት ንጋት ይውጡ፤ ለአስተባባሪዎ ግን ማታውኑ ይደውሉ።