የሳንባ ካንሰር ብሎክ ይዛችሁ ከደሴ ስትነሱ

ደሴ ውስጥ ፓቶሎጂ ክፍል (ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋ የሚመረመርበት) ነው የምሠራው። «አባታችን የሳንባ ካንሰር ነው ተባለ፤ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት) ይሠራለት ይሆን?» ብለው ወረቀት ይዘው ለሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄ «ብሎኩ የት ነው?» የሚል ነው።

ብሎክ ከዕጢው የተቆረጠው ሥጋ በፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ከቆየ በኋላ ሰም ውስጥ የተቀበረበት ነው። ስላይድ (ናሙናው የተለጠፈበት መስታወት) ብቻ ከሰጧችሁ ብሎኩንም ጠይቁና ፈርማችሁ ተረከቡ፤ የሚቀጥሉት ምርመራዎች ከእሱ ላይ እንደ አዲስ ይቆረጣሉ። ናሙናው ገና ካልተወሰደ ደግሞ ሐኪሙን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ፒዲ-ኤል-1ን (ኢሚውኖቴራፒ ይሠራ እንደሆነ ለመገመት የሚታይ፣ የካንሰር ሴል ላይ የሚገኝ ፕሮቲን) ለመለካት ቢያንስ 100 የካንሰር ሴል ያስፈልጋል። በመርፌ የሚወሰድ ከሆነ ሁሉም ስላይድ ላይ ተቀብቶ እንዳያልቅ፣ ከፊሉ ሴል ብሎክ (ሴሎቹ ተሰብስበው ሰም ውስጥ የሚቀበሩበት) እንዲሠራበት ለምኑ። ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ዓርብ ተወስዶ ማክሰኞ ላቦራቶሪ የሚደርስ ናሙና ከዚህ ያልፋል፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብታስደርጉት እመርጣለሁ።

ብሎኩን ለምርመራ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ይጀምራል፤ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ይብሳል። ሰሙ በ56 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ስለሚጀምር ብሎኩን መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ከላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥም አይግባ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት።

እዚያ ስትደርሱ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ካንሰሩ «ትንሽ ሴል» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ፒዲ-ኤል-1 ሕክምናውን አይወስነውም። ከዚያ ውጭ ያለው፣ በተለይ አዴኖካርሲኖማ (ከዕጢ ሴሎች የሚነሳው ዓይነት) ከሆነ፣ ከኢሚውኖቴራፒ በፊት ኢጂኤፍአር እና ኤኤልኬ የሚባሉት ጂኖች ይታዩ። አባታችሁ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ከሆነ በዚህ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የእነዚህ ጂኖች ለውጥ ያለበት ዕጢ ፒዲ-ኤል-1 ከፍ ቢልም ለኢሚውኖቴራፒ ብዙ ጊዜ ምላሽ አይሰጥም። ኢሚውኖቴራፒ ተሰጥቶ ከቆየ በኋላ ኦሲመርቲኒብ (ለኢጂኤፍአር ለውጥ የሚሰጥ መድኃኒት) ሲከተል ደግሞ ከባድ የሳንባ መቆጣት ሊመጣ ይችላል።

የፒዲ-ኤል-1 ውጤቱ በመቶኛ ይመጣል፦ ከ1 በታች፣ ከ1 እስከ 49፣ 50 እና ከዚያ በላይ። «60» የሚለውን አይተው 60 በመቶ የመዳን ዕድል ነው ብለው የሚደሰቱ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል። ቁጥሩ ከካንሰር ሴሎቹ ስንቱ ፒዲ-ኤል-1 እንደያዘ ነው የሚናገረው። ኪኖት 024 በተባለው ጥናት የሁሉም ታካሚዎች ፒዲ-ኤል-1 50 በመቶ እና ከዚያ በላይ ነበር፤ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በፔምብሮሊዙማብ (አንዱ የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒት) ከጀመሩት 32 በመቶ ገደማ፣ በኬሞ ከጀመሩት 16 በመቶ ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዋስትና ግን የለውም። ከ1 በታች የመጣላችሁም አብሽሩ፤ ከኬሞ ጋር ተደርጎ የሚጠቅማቸው አሉ።

አባታችሁ ለትንፋሽ ብለው ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። በቀን 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ እየወሰዱ ኢሚውኖቴራፒ የጀመሩ ሰዎች ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ለፒዲ-ኤል-1 ምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት መድኃኒቱ ይገኝ እንደሆነና ዋጋውን ጠይቁ። ውጤቱ ላይ የተጠቀሙበት አንቲቦዲ (ፒዲ-ኤል-1ን ለይቶ የሚያሳየው የምርመራ ንጥረ ነገር) ስም፣ ለምሳሌ 22ሲ3፣ መጻፉን እዩ። የተረፈውን ብሎክ ሳትረከቡ አትመለሱ፤ ሌላ ምርመራ ከታዘዘ አባታችሁን ዳግም ከመወጋት ያድናቸዋል።