ከባህልና ቱሪዝም ድጋፍ ስትጠይቁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ወሎ ውስጥ ቲያትር የሚያዘጋጁ፣ የግጥም ምሽት የሚያሰናዱ፣ የቆዩ ብራናዎችን የሚያፈላልጉ፣ ሰፈር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የሚከፍቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወረዳና የከተማ ስማችን ናቸው። ተሰጥኦ አጥተን አናውቅም። ግን ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ደብዳቤ ይዘው ወደ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት መጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ደብዳቤዎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ስለሚያርፉ ለምን እንደሚመለሱ አውቃለሁ። ያው ስህተት በየዓመቱ ሲደገም ማየት ስለሰለቸኝ ይህን ጻፍኩ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ጊዜን አለማወቅ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቷል። ከራሱ ዝግጅት ቀን ጋር አስልቶ የሚመጣ ግን በጣም ጥቂት ነው። የልጃገረዶቹን በዓላት፣ የላስታን አሸንድዬና የራያ ቆቦን ሶለል፣ ውሰዱ። ሁለቱም የሚጀምሩት ነሐሴ 16 ነው። ያ ቀን በጀት ዓመቱ ከተከፈተ 46ኛው ቀን ነው። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ገና ማጽደቁ ይሆናል፤ ገንዘቡም ለየመሥሪያ ቤቱ ተደልድሎ አላለቀም። የግሸን ማርያም በዓል መስከረም 21 ነው። የላሊበላ ገና ታኅሣሥ 29 ነው። እነዚህ ታላላቅ በዓሎቻችን የሚውሉት በበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእነሱ የሚሆነው ገንዘብ የሚታሰበው ባለፈው ዓመት ነው፤ የቀጣዩ ዓመት እቅድ በሚረቀቅበት ወቅት። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው።

የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። ልጆቹ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ሐሳቡን ይወደዋል። በእቅድ ውስጥ የለም። የበጀት ዝውውር ይጠየቅ ይባላል። ፋይናንስ የካቢኔ ውሳኔ አምጡ ይላል። ካቢኔው ደግሞ በክረምት ስለ ማዳበሪያና ስለ ጸጥታ ነው የሚሰበሰበው። የእናንተ ጉዳይ አጀንዳ እስኪያገኝ ነሐሴ 16 ያልፋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ «እነዚህ ሰዎች ለባህል ደንታ የላቸውም» እያሉ ይሄዳሉ። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ደንታ ያለው ሰው እጁ ታስሮ ነው የተቀመጠው።

በተቃራኒው ደግሞ ሰኔ ላይ የሚመጡ አሉ። አንድ የቲያትር ክበብ ትዝ ይለኛል። ልምምዱን ጨርሷል፤ የጎደለው የመድረክ ቁሳቁስ ብቻ ነበር። ሚያዝያ ላይ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ነበረ። ጠያቂ ስላልነበረ ለባነር ማሠሪያ ዋለ። ልጆቹ የመጡት ሂሳብ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በዚያ ወቅት አዲስ ክፍያ የሚጀምር የለም፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ያን ቲያትር ደሴ ሳታየው ቀረች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እባካችሁ መጋቢት ላይ ኑ። አንድ ገጽ ይበቃል። «ለሚቀጥለው ዓመት እቅድ ውስጥ ይግባልን» በሉ። ረቂቁ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ መቼ እንደሚቀርብ ባለሙያውን ጠይቁ። የቀበሌያችሁን የምክር ቤት ተወካይ ፈልጋችሁ አስረዱ። ምክር ቤት ውስጥ ስለ ባህል የሚጠይቅ አንድ ሰው ካለ ያ የበጀት መስመር በቀላሉ አይሰረዝም።

የመንዙማና የመውሊድ ዝግጅት የምታስቡ ደግሞ አምና ያስገባችሁትን ቀን አትገልብጡ። መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። አንዳንዴ ወሩ ብቻ ሳይሆን በጀት ዓመቱም ይለወጥባችኋል።

ሁለተኛው ስህተት ገንዘብ ብቻ መጠየቅ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ሥራ ማስኬጃ የሚባለው ትንሽ ነው፤ ከእሱ ላይ ነዳጅ፣ ወረቀትና አበል ይወጣል። በጥሬ ገንዘብ የምትጠይቁት 50 ሺህ ብር ለናንተ ትንሽ ነው። ለአንድ የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ግን የወራት ሥራ ማስኬጃው ሊሆን ይችላል። መንግሥት ያለው ሌላ ነገር ነው። አዳራሽ አለው። የወጣት ማዕከል አለው። ሞንታርቦና ጀነሬተር አለው። መኪና አለው። የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ካሜራ አለው። ከሁሉም በላይ ማኅተም አለው። አንድ የድጋፍ ደብዳቤ የገዳም አስተዳዳሪ ዘንድ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲን ዘንድ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ያስገባችኋል። ለእኛ የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግልን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤያችሁ አውጡት። አስፈላጊውን ሁሉ መስጠት የሚችል ኃላፊ የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። «ሚያዝያ 12 እና 13 ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣ ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ጀነሬተር፣ ከእነ ነዳጁ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ተፈርሞ ሲወጣ አይቻለሁ።

ከታች ያለውን ባለሙያ ዘሎ ከንቲባ ዘንድ መሄድም አይጠቅምም። ደብዳቤው ራስጌ ላይ «ባህልና ቱሪዝም አይቶ ያቅርብ» ተብሎ ተጽፎበት ተመልሶ እዚያው ባለሙያ ዘንድ ይወርዳል። አስቀድማችሁ አነጋግሩት። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ገቢ ቁጥሩን ያዙ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ልጆች ገጠር ይወጣሉ። ማሲንቆ የሚጫወት አዛውንት ያገኛሉ፤ መንዙማ የሚያወጡ ሸህ ያገኛሉ። ድምፅ ይቀርጻሉ፤ ወደ ከተማ መድረክም ያመጧቸዋል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ከዚያ የወጪ ዝርዝሩን አነበዋለሁ። ቲሸርት በስሙ ተጽፏል። ባነር በስሙ ተጽፏል። የምሳ ወጪ በስሙ ተጽፏል። አዛውንቱ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ናቸው። ፕሮግራሙ የቆመው በእሳቸው ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ስማቸው የለም። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው ልዩ ልዩ የሚባለው ነው። አንድ አባት ድቤያቸውን በጋቢ ጠቅልለው የመሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው የመመለሻ ትራንስፖርት ሲጠብቁ አይቻለሁ። የባነሩ ክፍያ በሰዓቱ ወጥቶ ነበር።

የወሎ ላሊበላ ኪነትን ታሪክ የምትወዱ ሁሉ ይህን አስቡ። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችበት ቡድን ነው። በደርግ ጊዜ ኪነት ቡድኖች በየደረጃው ሲደራጁ ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው መንግሥት ነበር። በዚያ ዘመን ኪነት የሥርዓቱ አፍ እንዲሆን ይገደድ ስለነበር እንዲመለስ አልመኝም። ግን ድምፃዊና ተጫዋች ዋና ወጪ እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኛ ይህን ረሳነው።

ስለዚህ የከዋኙን፣ ማለትም የድምፃዊውን ወይም የተጫዋቹን፣ ስምና ክፍያ የዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ። ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ከዋኝ ሳይፈቅድ ክዋኔውን መቅረጽ ይከለክላል። የአንድ ገጽ ስምምነት አዘጋጁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ይፈርሙ፤ ካልሆነም በጣት ይፈርሙ፤ ምስክር ይኑር። ገጠር ያሉ አዛውንት ደረሰኝ ሊሰጡ አይችሉም። ይህ የታወቀ ነው፤ ግን ከክፍያ በኋላ ሳይሆን በፊት ፋይናንስን አነጋግሩ። ውል፣ የመታወቂያ ቅጂና የክፍያ መቀበያ ፊርማ ይበቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቲን ቁጥር ካልቀረበ የሚቆረጠው ግብር ከባድ ስለሆነ ያንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቀረጻችሁትን በፍላሽ ይዛችሁ ተመልሳችሁ ስጧቸው። ልጆቻቸው ይሰሙታል።

ቅርስ መንካት ሌላው ነው፤ በአጭሩ ልበል። የቆየ ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል፣ አሮጌ መስጊድ፣ በአጀሚ (በዐረብኛ ፊደል) የተጻፈ የመንዙማ ደብተር በራሳችሁ ተነሳሽነት አትጠግኑ። አዋጅ 209/1992 ለማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። በቅን ልብ ቀለም የቀቡ ሰዎች አሉ። ሥዕሉ አልተመለሰም። የእናንተ ሥራ ፎቶ ማንሳት፣ መዝግቦ መያዝና ማሳወቅ ይሁን። ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለገዳሙ ወይም ለመስጊዱ አስተዳደርም ጻፉ፤ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው።

አንድ ቅጂ ብቻ መያዝም ስህተት ነው። ይህን ወሎ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አይገባኝም ነበር። በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተራቸውንና ፋይላቸውን አጥተዋል። የቡድናቸውን የምስረታ ቃለ ጉባኤ፣ የልምምድ ቪዲዮ፣ የሰበሰቡትን ተረትና ግጥም አንድ ቦታ ያስቀመጡ ቡድኖች ከዜሮ ጀምረዋል። በ1860 ከመቅደላ የተወሰዱ ብራናዎች ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ተመዝግበው ይገኛሉ። እኛ ጋ ያሉት ስንቶቹ ተመዝግበዋል? የእናንተን ሥራ አንድ ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንድ ቅጂ በአቅራቢያችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ወሎ፣ ወልድያና መቅደላ አምባ ሁሉም በራችን ላይ ናቸው። ሦስተኛውን ከከተማው ውጭ የሚኖር ሰው ያስቀምጥላችሁ።

የመንግሥት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር በነጻ ጨፍሮ መመለስም ይቅር። ስብሰባ ማድመቅ ነውር የለውም። ግን ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ለስብሰባ ሲጨፍር የራሱን አዲስ ሥራ ሳይሠራ ይከርማል። በምላሹ አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ቀን የልምምድ ክፍል። የጠየቀ ቡድን ሲከለከል ብዙም አላየሁም። ደብዳቤያችሁን በወቅቱ ኃላፊ ስምና ውዳሴ ላይ አትመሥርቱት። ኃላፊ በየጊዜው ይቀያየራል። ሥራችሁን አስረዱ፤ የሚቀጥለውም ኃላፊ ያነበዋል።

ሪፖርት። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ አንድ ገጽ ሪፖርት የሚያመጣ ከስንት አንድ ነው። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተረፈ፣ ሁለት ፎቶ። ባለሙያው በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤት ፊት ቆሞ ያን መስመር የሚያስጠብቀው በዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ የሚናገረው ነገር የለውም።

በመጨረሻ፣ ደብዳቤው ላይ ስልክ ቁጥር ጻፉ። የሁለት ሰው ስልክ ይሁን፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ወይም ዐረብ አገር ሲሄድ ሌላው ይኖራል። አዳራሽ ተፈቅዶ፣ ቀኑ ተይዞ፣ ጠያቂዎቹን የምናገኝበት ጠፍቶ ፈቃዱ ፋይል ውስጥ የቀረበት ጊዜ አለ።