አንድ ፍላሽ፣ ሦስት ኮምፒውተር፦ ፋይል ሲጠፋባችሁ ወይም አልገለበጥ ሲላችሁ

ባለፈው የዘመዶቻችንን የሰርግ ቪዲዮ ላመጣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቴ ከዚራ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ኤዲተሩ የሚሠራው በማክ ነው። የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኗል። ቪዲዮው 6 ጊጋ ነበር፣ ፍላሼ ባለ 32 ጊጋ፣ ባዶ። ግን አልገለበጥም አለ! ሙሽሮቹ በማግስቱ ወደ ሐረር ሊሄዱ ስለነበር በጣም ተጨነቅኩ።

ለካ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (FAT32) ነው፤ ይህ ፋይል ሲስተም ነው፣ ማለትም ፋይሎች ፍላሹ ላይ የሚደራጁበት ስልት። ፋት 32 ቦታ ቢኖረውም 4 ጊጋ የደረሰ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) በሚባለው ስልት ብታደርጉት ደግሞ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሦስቱንም ኮምፒውተሮች የሚያስማማው ኤክስፋት (exFAT) ነው። ዊንዶውስ ላይ ፍላሹን ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ፎርማት በሉ፣ ፋይል ሲስተም በሚለው ኤክስፋትን ምረጡ። ፎርማት ሁሉንም ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ አደራ።

ፍላሹን ስትሰኩ ዊንዶውስ ዲ ወይም ኢ ብሎ በፊደል ይጠራዋል። ማክና ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ ፊደል የለም፤ ፍላሹ በስሙ በጎን በኩል ይመጣል።

ፋይል ለማዛወር ዊንዶውስና ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ ነው። ማክ ላይ በኮማንድና ሲ ኮፒ አድርጉና ስትለጥፉ ኦፕሽን፣ ኮማንድና ቪን አንድ ላይ ተጫኑ። ኢንተር ስትጫኑም ፋይሉ አይከፈትም፣ ስሙን ቀይሩ ይላችኋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ሲያጠፋ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከፍላሽ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን (የጠፉ ፋይሎች የሚጠራቀሙበት ቅርጫት) አይገባም፣ በቃ ጠፋ። ማክና ኡቡንቱ ግን እዚያው ፍላሹ ላይ በተደበቀ ፎልደር ያስቀምጡታል፣ ስለዚህ ትራሹን (የነሱን ቅርጫት) ባዶ እስክታደርጉ ድረስ ያጠፋችሁት ሁሉ ቦታ እንደያዘ ይቆያል። "አጥፍቼም ሙሉ ነው ይለኛል" የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስም ስትሰጡ ቀኑን በእዝባር አትጻፉ፣ 12-5-2016 በሉት። ዊንዶውስ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ምልክትና ኮከብም አይቀበልም። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ሁለት ስም ያያል፣ ዊንዶውስ ግን አይለይም። በአማርኛ ከጻፋችሁ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውማ። የኛ ችግር ሌላ ነው። "ሰርግ" እና "ሠርግ" ለሦስቱም ኮምፒውተሮች የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ በአንዱ ሰይማችሁ በሌላው ብትፈልጉ አይመጣላችሁም። እኔ ሁልጊዜ በእሳቱ ሰ ነው የምጽፈው። የሌላ ሰው ፋይል ከሆነ ግን ጠፋ ከማለታችሁ በፊት በንጉሡም ሠ ፈልጉት።