«ኮርክ» ከሚል አንድ ቃል ተነስተን መንደሩን እንዴት አገኘነው

የባለቤቴ ምንጅላት በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በተነሳው ታላቅ ረሃብ ዘመን ከአየርላንድ ወደ ቦስተን የተሰደዱ ናቸው። በእጃችን ያለው የአሜሪካ ሰነድ ሁሉ የትውልድ ቦታቸውን «ኮርክ» ብሎ ያልፋል፤ ኮርክ ደግሞ የአገሩ ትልቁ ካውንቲ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝብ ቆጠራ እንዳይረዳን፣ ከፊሉ በ1922 እ.ኤ.አ. በደብሊን በተነሳው ቃጠሎ፣ ከፊሉም በመንግሥት ትእዛዝ ጠፍቷል።

መፍትሔው የተገኘው በእህታቸው በኩል ነው። ቦስተን ስታገባ፣ ቄሱ የመጣችበትን ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ) በጋብቻ መዝገቡ ላይ አስፍረዋል (ሁሉም ቄስ እንዲህ አይተጋም)። ከዚያ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ በኢንተርኔት የለቀቃቸውን የካቶሊክ መዝገቦች ከፈትን። ጽሑፉ በላቲን ነው፤ የእጅ አጣጣሉ ዓይን ያጠፋል። በዚያው ቁምስና ሞክሼ ሕፃናት ሞልተዋል። የለየልን የክርስትና እናት ስም ነው፤ የወንድምም የእህትም አንዲት ሴት ናት።

የቀረውን የግሪፊዝ የመሬት ግምት (ከ1847 እስከ 1864 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ለግብር የተካሄደ የመሬትና የቤት ግምት መዝገብ) ጨረሰው። አባትየውንና የክርስትና እናቲቱን ቤተሰብ በአንድ መንደር ጎን ለጎን ጽፏቸዋል፤ ባለርስቱን፣ የመሬቱን ስፋትና ዓመታዊ ግምቱን ጭምር። ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር ካርታው ላይ ቦታው ድረስ ይመራል።

ሰውዎ ከግምቱ በፊት የተሰደደ ከሆነ ከ1823 እስከ 1837 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀውን የአሥራት መዝገብ (በእርሻ መሬት ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈል አሥራት የተመዘገበበትን) ይሞክሩ። የእርሻ መሬት ለሌለው ቤተሰብ ግን ብዙም አይጠቅምም።